ስለ ጽንስ ማቋረጥ የጎንደርን ሰው አስተያየት እንዴት ልጠይቅ?

ማራኪ እንዲህ ስትል ጠየቀች፦

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ጎንደር የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን የምከታተል ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የያዝኩት ርዕስ የከተማችን ነዋሪዎች ስለ ጽንስ ማቋረጥ ያላቸው አመለካከት ከፖለቲካ ዝንባሌያቸው ጋር ዝምድና ያለው መሆን አለመሆኑን የሚመረምር ነው። ሐሳቡ የመጣልኝ የአሜሪካን የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ሳነብ ነበር፤ በዚያ አገር ጋሉፕ የተባለው ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 1975 ጀምሮ ጽንስ ማቋረጥ «በማንኛውም ሁኔታ ይፈቀድ፣ በተወሰኑ ሁኔታዎች ብቻ ይፈቀድ፣ ወይስ በማንኛውም ሁኔታ ይከልከል» እያለ አንዱን ጥያቄ ሲደጋግም ስለኖረ፣ የግማሽ ምዕተ ዓመት የሐሳብ ጉዞ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ይታያል።

ሁለት ነገሮች ግን ከብደውኛል። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ውጤት ከመቶ አሜሪካውያን 63ቱ ጽንስ ማቋረጥ በሁሉም ወይም በአብዛኛው ሁኔታ ሕጋዊ ሊሆን ይገባል ብለዋል። ይሁን እንጂ ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2022፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ1973 ጀምሮ ጽንስ የማቋረጥን መብት በመላ አገሪቱ አስከብሮ የኖረውን ውሳኔ ሽሮ ጉዳዩን ለየግዛቶቹ ትቶታል፤ በርካታ ግዛቶችም ወዲያው ከልክለውታል። የብዙኃኑ አስተያየት ይህን ያህል የታወቀ ከሆነ ፖለቲካው በሌላ መንገድ የሚሄደው ለምንድን ነው?

ሁለተኛው የራሴ ችግር ነው። የጋሉፕን ጥያቄ ወደ አማርኛ ተርጉሜ ለሙከራ ያህል ለጎረቤቶቼ ባቀርበው ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ «ፈጽሞ መከልከል አለበት» አሉኝ። መጠይቁን አጥፌ ቡና እየጠጣን ሳለ ግን ተደፍራ ስለጸነሰች አንዲት ተማሪ ወሬ ተነሣና፣ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት «ፈጽሞ» ያሉት ሴቶች «ለእሷስ ሊፈቀድላት ይገባል» ሲሉ ሰማኋቸው። ከሁለቱ መልሶች የትኛውን ነው አስተያየታቸው ብዬ የምጽፈው? ዕቅዴ 400 ሰው መጠየቅ ነው። በሥራው ያለፋችሁ ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የመስክ ሰው እንዲህ ሲሉ መለሱ፦

ልጄ፣ ጽሑፍሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሃያ ዓመት በላይ በመረጃ ሰብሳቢነትና በተቆጣጣሪነት በደጋውም በቆላውም መጠይቅ ይዤ ዞሬአለሁ፤ የ1999ኙን የሕዝብና ቤት ቆጠራም በዚሁ አካባቢ ሠርቻለሁ። ጎረቤቶችሽ ዋሹሽ ብዬ አላምንም። በመጀመሪያ የጠየቅሻቸው ስለ ኃጢአት መስሏቸዋል፣ ሰውም ስለ ኃጢአት ሲጠየቅ የንስሐ አባቱ አጠገቡ የቆሙ ያህል ተጠንቅቆ ይመልሳል። በኋላ ያወሩት ስለ አንዲት ልጅ ነው፤ ስለ ልጅ ሲነሣ ደግሞ ሁሉም የራሱን ልጅ ያስባል። ሁለቱም መልሶች የእነሱ ናቸው። ጥፋቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ጥያቄ ውስጥ መክተትሽ ላይ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። በአማርኛው መጠይቅሽ ላይ የትኛውን ቃል ተጠቀምሽ? «ጽንስ ማቋረጥ» የሐኪምና የቢሮ ቃል ስለሆነ የተማረው ይረዳዋል፤ ከገጠር በቅርብ የመጡ እናት ግን ምን እንደተባሉ ሳይገባቸው እንዳያፍሩ ብለው ብቻ ይመልሱልሻል። «ማስወረድ» ካልሽ ሁሉም ይገባዋል፣ ነገር ግን ቃሉ ራሱ ፍርድ ያዘለ ስለሆነ መላሿ ጥያቄው ሳያልቅ ፊቷን ታዞርብሻለች። ከዚህም የከፋ አለ። «አስወረደች» ስንል በፈቃዷ አደረገችው ማለታችን ነው፤ «አስወረዳት» ስንል ግን ሳትፈልግ ጽንሱ ወጣባት፣ ታመመች ማለታችን ነው። በጆሮ ሲሰማ የሚለያቸው የቃሉ መጨረሻ ብቻ ነው። በአንድ ወቅት በተቆጣጠርኩት ጥናት ላይ ከሌላ አካባቢ የመጣ አንድ መረጃ ሰብሳቢ ይህን ሳይለይ ጽንስ የወጣባቸውን እናቶች ሁሉ በፈቃዳቸው እንዳደረጉት አድርጎ መዝግቦ ነበር። ስህተቱን ያገኘሁት ማታ ቅጾቹን ሳመሳክር ነው፤ በማግስቱ ወደየቤቱ ተመልሰን፣ ይቅርታ ጠይቀን፣ እንደገና መጻፍ ግድ ሆነብን። ያን ቀን የአንዲት እናት ዓይን እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ስለዚህ በአንድ ቃል አትተማመኚ። «አንዲት ሴት ያረገዘችውን ልጅ ላለመውለድ ወስና በሐኪም እርዳታ እርግዝናዋን ብታቋርጥ» ብለሽ ነገሩን ዘርዝረሽ ጻፊው፤ ይረዝማል፣ ግን አይፈርድም።

ሌላው፣ ማን እየሰማ ነው የጠየቅሻቸው? ቡና በተፈላበት ቤት ብቻዋን የምትቀመጥ ሴት የለችም። ጎረቤት አለ፣ አማት አለች፣ ትልቁ ልጅ ደጃፉ ላይ ቆሞ ያዳምጣል። በእኛ ባህል እንግዳን ብቻዬን ላነጋግር ማለት ራሱ ስለሚያስጠረጥር፣ ሰዎቹን ውጡልኝ ከማለት ይልቅ መላሿን ወደ ጓሮ ወይም ወደ አጥሩ ጥግ ይዞ መሄድ ይሻላል። ለሴቶች ሴት ጠያቂ መድቢ። ጠያቂዋም የዚያው ሰፈር ልጅ አትሁን፤ አራዳ ያደገችውን አዘዞ፣ የአዘዞዋን አራዳ ላኪያት። የሰፈር ልጅ የሰፈሩን ሰው ቋንቋ ታውቃለች፣ ነገር ግን ምስጢሩን ሰምታ የሄደችውን ጠያቂ ነገ ገበያ ላይ እንደሚያገኛት መላሹም ያውቃል።

በመጨረሻ፣ ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝን ልበል። አሜሪካ ውስጥ ስለ ጽንስ ሲጠየቁ የሚሸማቀቁ ሰዎች የሚመርጡትን ፓርቲ ግን በግልጽ ይናገሩ ይሆናል። በዚህ ጊዜ በጎንደር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ያለፉትን ዓመታት የጸጥታ ሁኔታ አንቺም ታውቂዋለሽ። በር አንኳኩቶ «የትኛውን ፓርቲ ይደግፋሉ» የሚል ሰው ምን ዓይነት ፍርሃት ይዞ እንደሚገባ አስቢው። ያን ጥያቄ ካስቀደምሽ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መልስ ሁሉ፣ ስለ ጽንስ የሚሰጠው ጭምር፣ ራስን መከላከያ ይሆናል፤ «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ መንግሥት ያውቃል» የሚለውን መልስ መቶ ጊዜ ጽፈሽ ትመለሻለሽ።

ናሙና እንዲህ ሲል መለሰ፦

ስታትስቲክስ አስተምራለሁ። የመስክ ሰው ያሉትን ሁሉ ተቀብዬ ስለ ቁጥሩና ስለ አሜሪካው እንቆቅልሽ ብቻ እጨምራለሁ።

400 ሰው ሲባል ብዙ ተማሪዎች ወዲያው «የስህተት ህዳጉ ፕላስ ወይም ማይነስ 5 በመቶ ነው» ብለው ይጽፋሉ፤ የናሙናው ውጤት ከመላው ሕዝብ እውነተኛ አስተያየት ሊርቅ የሚችለው ያን ያህል ነው ማለታቸው ነው። ያ ስሌት የሚሠራው እያንዳንዱ ሰው ከመላው ከተማ በዕጣ ለብቻው የተመረጠ እንደሆነ ነው። እርስዎ ግን እንደማንኛውም የቤት ለቤት ጥናት ሰፈሮችን መርጠው በየሰፈሩ የተወሰኑ ሰዎችን ይጠይቃሉ። የአንድ ሰፈር ሰዎች፣ በተለይ በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ላይ፣ አንድ ደብር የሚያስቀድሱ ወይም አንድ መስጊድ የሚሰግዱ፣ በአንድ ዕድር የታቀፉና አንድ ወሬ የሚሰሙ ስለሆኑ ይመሳሰላሉ። መመሳሰሉን የሚለካው ቁጥር (0 ሲሆን መመሳሰል የለም፣ 1 ሲሆን የሰፈሩ ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው) ለምሳሌ ያህል 0.1 ቢሆን፣ በ20 ሰፈሮች ሃያ ሃያ ሰው ሲጠየቅ 400ው ሰው በጥቅሙ ወደ 138 ሰው ይወርዳል፤ ህዳጉም ከ5 ወደ 8 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ያንኑ 400 ሰው በ40 ሰፈሮች አሥር አሥር አድርገው ቢያዳርሱት 210 ሰው ያህል ጥቅም ያገኛሉ፣ ህዳጉም ወደ 7 በመቶ ይጠጋል። የሚጨምረው የታክሲና የእግር ወጪ ብቻ ነው። እኔ ብሆን ሰው ከመጨመር ይልቅ ሰፈር እጨምራለሁ።

ሰፈሮቹን የሚመርጡበት መዝገብም ሌላ ፈተና ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ ያኔ የጎንደር ሕዝብ 207,044 ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በተለይ ወደ አዘዞ አቅጣጫ ስትለጠጥ በድሮው ካርታ ላይ ማሳ የነበረው መሬት ዛሬ መንደር ሆኗል። አሮጌውን ዝርዝር ብቻ ከተከተሉ አዲስ መጤዎችን፣ ተከራዮችንና ወጣት ባለትዳሮችን ያጣሉ፤ እነዚህ ደግሞ በዚህ ጥያቄ ላይ የተለየ አስተያየት ሊኖራቸው የሚችሉ ናቸው። ስለዚህ በተመረጠው ሰፈር ውስጥ አስቀድሞ ቤቶቹን አንድ በአንድ መዘርዘር የግድ ነው። በየቤቱም በር የከፈተውን ሰው አይጠይቁ፤ አዋቂዎቹን ሁሉ በዕድሜ ቅደም ተከተል መዝግበው በዕጣ ሰንጠረዥ አንዱን ይምረጡ፣ የተመረጠው ከሌለ ተመልሰው ይሂዱ። በሥራ ቀን ረፋድ ላይ ቤት የሚገኙትን ብቻ የጠየቀ ጥናት የጎንደርን ሕዝብ ሳይሆን የረፋድን ጎንደር ነው የሚነግረን። በጥምቀት ሰሞን ፈጽሞ አይሞክሩት፤ ከተማው በእንግዳ ይሞላል።

የናሙና ብዛት ብቻውን እንደማያድን ከታሪክ አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1936 የአሜሪካ ምርጫ ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው መጽሔት አሥር ሚሊዮን ያህል ሰዎች ዘንድ ወረቀት ልኮ ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦ ከሁለቱ ዋና ዕጩዎች ላንደን ያሸንፋል አለ፤ ተፎካካሪው ሩዝቬልት ከመቶ 61 ያህል ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። አድራሻዎቹ በአብዛኛው የተለቀሙት ከስልክና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ሰው ማን እንደነበር ይገመታል። እጅግ ያነሰ ናሙና የያዘው ጋሉፕ ግን አሸናፊውን በትክክል ለይቶ ነበር።

ወደ እንቆቅልሹ ልመለስ። 63 በመቶ የሚለው ቁጥር የሚነግረን ስንት ሰው በየትኛው ወገን እንደቆመ ነው፤ ያ ሰው ጉዳዩን ድምፁን እስኪለውጥለት ድረስ ከልቡ ይይዘው እንደሆነ ግን አይነግረንም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 የሚዙሪ ግዛት ነዋሪዎች ጽንስ የማቋረጥን መብት በግዛቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ለማስገባት 52 በመቶ ገደማ ሆነው ድምፅ ሰጡ፤ በዚያው ቀን፣ በዚያው ወረቀት ላይ፣ ከመቶ 58 ያህሉ ትራምፕን መረጡ። ሁለቱንም የመረጡ ብዙ ሰዎች አሉ ማለት ነው፤ ለእነሱ ሕጉ አንድ ጉዳይ ነው፣ ፕሬዚዳንቱ ሌላ። በፍሎሪዳ ደግሞ በዚያው ዕለት ተመሳሳይ ሐሳብ ቀርቦ 57 በመቶ ደግፎት ሳለ የግዛቱ ሕግ 60 በመቶ ስለሚጠይቅ ሐሳቡ ወደቀ። በካንሳስ፣ ለትራምፕ ፓርቲ ለሪፐብሊካኖች ድምፅ በመስጠት በምትታወቀው ግዛት፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2 ቀን 2022 ከመቶ 59ኙ መብቱን ለማስቀረት የቀረበውን ማሻሻያ ውድቅ አደረጉ። አስተያየት ወደ ሕግ የሚደርሰው በምርጫ ደንብ፣ በፍርድ ቤት አሿሿምና በፓርቲ የውስጥ ምርጫ በኩል አልፎ ነው፤ በየመንገዱም መልኩን ይለውጣል።

የጎረቤቶችዎ ነገርም አሜሪካ ውስጥ በቁጥር ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የሚካሄድ አንድ አገር አቀፍ የማኅበራዊ ጥናት አንድ ጥያቄ በመጠየቅ ፋንታ ምክንያቶቹን ለያይቶ ያቀርባል፦ የእናቲቱ ጤና በጽኑ አደጋ ላይ ቢወድቅ፣ ብትደፈር፣ ጽንሱ ከባድ ጉድለት ቢኖረው፣ ድሃ ብትሆንና ተጨማሪ ልጅ ማሳደግ ባትችል፣ ባታገባ እያለ። ለጤና ሲባል ከአሥር ሰዎች ዘጠኝ ያህሉ ይደግፋሉ፤ ለድህነት ሲባል ግን ድጋፉ ግማሽ አካባቢ ይቆማል። ጋሉፕ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 በእርግዝና ወራት ለይቶ ሲጠይቅ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት 69፣ ለሁለተኛዎቹ 37፣ ለመጨረሻዎቹ 22 በመቶ ደጋፊ አግኝቷል። ያው ሕዝብ፣ ያው ጥናት ነው። እርስዎም እንዲሁ ይለያዩት።

አንቀጽ እንዲህ ሲል መለሰ፦

የሕግ ባለሙያ ነኝ። ናሙና ምክንያቶቹ ይለያዩ ማለቱ ለእኛ አገር ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ሕጋችን የተጻፈው በምክንያት ነውና። በአዋጅ ቁጥር 414/1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ጽንስ ማቋረጥን በመርህ ደረጃ ወንጀል አድርጎ፣ በአንቀጽ 551 ግን የማያስቀጡ ሁኔታዎችን ዘርዝሯል፦ እርግዝናው ከመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል ከተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱን ሕይወት ወይም ጤና ወይም የልጁን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ሲሆን፣ ጽንሱ ሊድን የማይችል ከባድ የአካል ጉድለት ያለበት ሲሆን፣ እንዲሁም እናቲቱ በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ልጅ ለማሳደግ የማትችል ስትሆን። በመደፈር ጊዜ የሴትየዋ ቃል ብቻ በቂ እንደሆነ አንቀጽ 552 ይደነግጋል። ከፍተኛ ድህነት ደግሞ በአንቀጽ 550 ቅጣት ያቀልላል እንጂ ነፃ አያወጣም። ከዚያ በፊት የነበረው የ1949 ዓ.ም. ሕግ ከዚህ እጅግ ጠባብ ነበር።

እንግዲህ «ይከልከል» ያሉት ጎረቤትዎ አሁን ያለውን ሕግ እየደገፉ ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ ይከለክላልና። «ለእሷስ ይፈቀድላት» ያሉትም እንዲሁ አሁን ያለውን ሕግ እየደገፉ ነው። በእኔ አስተያየት በመጠይቁ ውስጥ ሰዎች ሕጉ ምን እንደሚል የሚያውቁ መሆናቸውን የሚለካ ክፍል ከሌለ ስለ ሕጉ ያላቸውን አስተያየት መጠየቅ ከንቱ ይሆናል። ይህ ክፍል ግን ከአስተያየት ጥያቄዎቹ በኋላ ይምጣ፤ ቀድሞ ከመጣ ጠያቂው መንግሥት የፈቀደውን እያስተማረ ይመስላል።

ስለ ፖለቲካው አንድ ነገር። ይህ ሕግ በሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው፤ የማይረሳው የ1997 ምርጫ የተካሄደው ከስድስት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 7 ነበር። በዚያ ሁሉ ክርክርና ሰልፍ መሐል የመሬት፣ የብሔርና የዲሞክራሲ ጥያቄ አገሩን ሲያናውጥ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን፤ ሰው ድምፁን በጽንስ ጉዳይ ለይቶ አልሰጠም። ፓርቲዎች ጎራ ባልለዩበት ጉዳይ ላይ የፓርቲ ዝንባሌንና አመለካከትን ማዛመድ የአሜሪካን ጥያቄ ያለ ቦታው መትከል ነው። ይልቅ «ይህን ጉዳይ መወሰን ያለበት ማን ነው» ብለው ቢጠይቁ፣ ማለትም ሴቲቱ፣ ባልና ሚስት፣ ሐኪም፣ የሃይማኖት አባት ወይስ ሕግ አውጪው፣ ፖለቲካውን ከነሥሩ ያገኙታል።

አዋላጅ እንዲህ ስትል መለሰች፦

እህቴ፣ እኔ በእምነቴ ጽንስ ማቋረጥን አልደግፍም፤ ይህን የምልሽ ከየት ሆኜ እንደምናገር እንድታውቂ ነው። በሙያዬ ግን ሕጉ ወጥቶም ቢሆን ተደብቀው ሞክረው ደማቸው እየፈሰሰ የመጡ ልጆችን ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ስለ አመለካከት በሚጠይቅ ወረቀት ውስጥ «እርስዎስ አድርገው ያውቃሉ» የሚል ጥያቄ አታስገቢ። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴም በቀላሉ የሚያሳልፍልሽ አይመስለኝም፤ ቢያሳልፍልሽም አንዲት ሴት ስታለቅስ ጠያቂዋ ምን እንደምታደርግ፣ ወደ የት እንደምትልካት አስቀድመሽ ካላሰለጠንሻት ጉዳት ነው። እኔና እኔን የመሰሉ ሰዎች ደግሞ በመጠይቁ ላይ ድምፃችን በትክክል ይጻፍ። «ኃጢአት ነው፣ ሆኖም እንድትታሰር አልፈልግም» የሚል ሰው በሦስቱ የጋሉፕ ሳጥኖች ውስጥ የሚገባበት ቦታ የለውም። እኔ እንደዚያ ነኝ፣ በዙሪያዬም ብዙዎች አሉ።

ማራኪ እንዲህ ስትል መለሰች፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መጠይቁን ዛሬ ማታ እንደገና ጀምሬዋለሁ። የሦስቱን ሳጥን ጥያቄ ከመጀመሪያው ገጽ አውጥቼ በቦታው በአንቀጽ 551 እና 550 ላይ ተመሥርተው የተጻፉ ስድስት አጫጭር ሁኔታዎችን አስገብቻለሁ፤ ለእያንዳንዱም «ትክክል ነው ወይስ አይደለም» እና «ሕግ ሊቀጣት ይገባል ወይስ አይገባም» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ይከተላሉ። የእህቴ የአዋላጇ መልስ ቦታ ያገኘው እዚያ ነው። የፓርቲውን ጥያቄ ሰርዤዋለሁ፤ «መወሰን ያለበት ማን ነው» የሚለው ተተክቷል። አማካሪዬ ርዕሱን እንድቀይር ሊጠይቁኝ ይችላሉ፣ ለዚያም ተዘጋጅቻለሁ።

አባቴ የመስክ ሰው፣ አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። መላሾች ድምፃቸውን ሳያሰሙ እንዲመልሱ ወረቀት ሰጥቼ በታሸገ ሳጥን ውስጥ እንዲጨምሩ ባደርግ ማንበብ የማይችሉትን ምን ላድርግ?

የመስክ ሰው እንዲህ ሲሉ መለሱ፦

ልጄ፣ ሁለት ባለቀለም ካርድ ስጫቸው፤ አንዱ ቀለም «አዎ»፣ ሌላው «አይደለም» ማለት ይሁን። አረንጓዴና ቀይ ግን አይሁን፤ በባንዲራውም በትራፊክ መብራቱም ምክንያት አንዱ መልካም፣ ሌላው ክፉ ይመስላል። ሰማያዊና ቡናማ ይሁን፤ ጠያቂዋም ካርዱ ሲገባ ፊቷን ታዙር። ሁለት ተመሳሳይ ሳጥን ያዢ፣ አንዱ «ትክክል ነው ወይ» ለሚለው፣ ሌላው «ትቀጣ ወይ» ለሚለው፤ ካርዶቹንም ከየትኛው ቤት እንደመጡ የማይታወቅ ቁጥር ጻፊባቸው። ከዚያ በፊት አሥር ሰው ላይ ሞክረሽ፣ ሰማያዊው ምን ማለት እንደነበር መልሰው እንዲነግሩሽ አድርጊ። ከአሥሩ ሁለቱ ከተሳሳቱ ካርዱን ትተሽ ወደ ጓሮው ተመለሽ።